ማሞቂያ ከፍቶ ዓባይን መውጣት

የመኪናዬ ኤሲ ይሠራል። ይህን የሚለው እኔ ሳልሆን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው። የጭነት መኪናዋን የገዛሁት በሐምሌ፣ መካነ ሰላም ላይ፣ ሁለታችንም ካፖርታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈን ነው። ቁልፉን ሲጫነው አረንጓዴ መብራት በራ፤ ከቀዳዳው የሚያንዘፈዝፍ ነፋስ መጣ። እኔም እንደ አዋቂ እጄን ዘርግቼ፣ ይሠራል አልኩ። መካነ ሰላም ላይ በሐምሌ ምን ቢከፈት ቀዝቃዛ ነፋስ እንደሚወጣ ማሰብ የሚችል ሰው አጠገባችን አልነበረም።

እውነቱ የተገለጠልኝ ወደ ጎጃም ለመሻገር ዓባይ በረሃ ስወርድ ነው። መብራቱ ያው አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ ግን ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። መስኮቱን ብከፍት የውጩ ይብሳል፤ ብዘጋው ደግሞ የውስጡ ይበቃኛል። ስለዚህ የሁሉንም ሹፌር ዘዴ ያዝኩ፤ አንገቴ ላይ እርጥብ ፎጣ፣ መስታወቱ ላይ ካርቶን። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ ደውላ፣ የቤቱ ኤሲ ቅዝቃዜ ትከሻዋን እንዳሳመማት ነገረችኝ። በጣም አዘንኩላት።

ማሞቂያው ግን አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል እሱን መክፈት ግድ ነው፤ የሞተሩን ሙቀት ስቦ ወደ ጋቢና ያስገባዋል። መካኒኩ ይህን ያስረዳኝ መድኃኒት እንዳገኘ ሰው ደስ እያለው ነው። ሞተሩ እንዲበርድለት ሹፌሩ ይቀቀላል ማለት ነው።

በአንድ ረመዳን ከጎጃም በኩል በቆሎ ጭኜ ስመለስ አባቴ አብረውኝ ነበሩ። ያስተማሩት የቀድሞ ደረሳቸው ሞቶ ለቅሶ ደርሰው መመለሳቸው ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቁርኣን ሲያስቀሩና ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገደኛ ጾሙን መፍታት እንደሚፈቀድለት፣ ቀዷውን ደግሞ በሌላ ቀን ጾሞ እንደሚያወጣ ሲያስተምሩ እኔ ራሴ ከደረሶቻቸው መሐል ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ታመውም ሆነ መንገድ ወጥተው ፈትተው አያውቁም። እኔ ብቻዬን ስሆን ዓባይ ላይ እፈታለሁ፤ ይህን ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም። ስለዚህ ያን ቀን ጎበዝ ጾመኛ ሆኜ ዋልኩ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ማሞቂያውን ከፈትኩ። አባቴ ትንሽ ቆዩና፣ ይህ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው አልኳቸው። ሱብሐነላህ አሉ። በየሁለት ሦስት መታጠፊያው እየቆምኩ ከጀሪካኑ ራዲያተሩ ላይ ውኃ አፈስሳለሁ። ከሦስታችን ጾም ያልያዘው ሞተሩ ብቻ ነበር። ቆሜ እያየሁት በሞተር ቀናሁ።

ከዚያ ነገሩ ቀልድነቱ ቀረ። ላቤ ቆመ። መንገዱ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። አንዱ መታጠፊያ ላይ መሪውን ዘግይቼ ስጠመዝዝ የፊት ጎማው የገደሉን ጠርዝ ጠጠር አንኮታኮተው። ገደሉ በቀኝ፣ በአባቴ በኩል ነው። ፈራሁ። ውኃ ልጠጣ ማለት ግን አቃተኝ። አንድ ጉንጭ ውኃ ፊታቸው ከመጠጣት፣ እሳቸውንም በቆሎውንም ገደል መክተት የሚቀለኝ ጀግና ነበርኩ።

"አቁም" አሉኝ።

አቆምኩ። ጀሪካኑን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። ፊታቸውን ሊታጠቡ መስሎኝ ሰጠኋቸው። ክዳኑን ከፈቱና ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ትኩስ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ውኃ ነው። ሦስቴ ተጎነጩና ወደ እኔ ዘረጉት።

"ደክሞኛል፤ መንገደኛ ነኝ" አሉ። "አንተም ጠጣ ልጄ። ቀዷውን አብረን እናወጣለን።"

አየኋቸው። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ዓይናቸውም ደህና ነው፤ የሚያዩት ደግሞ የእኔን ከንፈር ነው። ጠጣሁ። አንዲት ግራር ሥር ጸሐይዋ እስክትበርድ አረፍን። አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ መግሪብ፣ ማፍጠሪያው፣ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቴ ተምርና ሾርባ አሰናድታ ትጠብቀናለች። ሙቀቱ እንዴት አደረጋችሁ ብላ ስትጠይቅ፣ አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"ዛሬስ አቃተኝና ፈታሁ" አሏት። "ብቻዬን እንዳልሆን ብዬ እሱንም አስፈታሁት።"

እናቴ ደንግጣ፣ ታመው እንደሆነ ብላ ግንባራቸውን ዳሰሰች። እውነቱን ልነግራት ስል አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። እናቴ ዛሬም ድረስ፣ አባትህ አንድ ቀን ጾም አቅቷቸው ነበር እያለች ታነሳዋለች፤ እኔም ዛሬም ድረስ አላረምኳትም።