በእንግሊዝኛ የፈራንበት ኮረብታ

ልጆቼ፣ ኮረብታው ስም አልነበረውም። እኛ ግን ቡሌ አልነው፤ ብርዱ የአገራችንን ደጋ የቡሌን ብርድ ይመስል ነበርና። በብሔራዊ ውትድርና ከዲላና ከዙሪያዋ ከዘመትነው መካከል በርከት ብለን በአንድ ጓድ ተመድበን ነበር። የዲላው ነጋዴ ልጅ ከድር ከጎኔ ነው። ከመዝመቱ በፊት እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው በራሶም ከእኛው ጋር ነበር።

መሪያችን አሥር አለቃ ደምሴ ይባላል። ፊቱ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ውጊያ ከድር ደንዝዞ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ዋለ። አሥር አለቃ መሣሪያውን ተቀብሎ አየና «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ለእኔ አይሆነኝም። ዳግመኛ ብትደነዝዝ የምትሞተው በእኔ ጥይት ነው» አለው። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ ከድር እህል አልቀምስ አለ። እኔ ከጠላት ይልቅ ለእሱ ፈራሁ።

መላውን ያመጣው በራሶ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘብ ተቀይሮ ስናርፍ እንግሊዝኛ ያስተምረን ጀመር። «ለማትሪክ ይጠቅማችኋል» አለን፤ ማትሪክ የሚፈተን ይተርፍ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የቃላቱን አሰላለፍ በወታደር ቋንቋ አስረዳን።

«ባለቤቱ ይቀድማል፤ ግሱ በእግሩ ይከተለዋል። የቀረው ስንቅ ነው፤ ከኋላ ይመጣል። እንደ አማርኛችን ግሱን ጭራ ላይ እንዳታስቀምጡት!»

ቀጥሎ የፍርሃትና የድፍረት ፈሊጦች መጡ። እኛ ሐሞቴ ፈሰሰ የምንለውን እነሱ እግሬ በረደ ይሉታል። ሆዴ ቢራቢሮ ገባበት፣ ልቤ አፌ ውስጥ ነው ይላሉ። ሲበረታቱ ደግሞ አገጭህን ቀና አድርግ ይባባላሉ።

«ይቺንስ ተዋት» አልኩት፤ «እዚህ አገጩን ቀና ያደረገ ጥይቱን በግንባሩ ነው የሚቀበለው።»

ምሽጉ በሳቅ ተሞላ። ከድርም ሳቀ።

በራሶ አንድ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ሰው የፈራውን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ የተነገረው ወደ አማርኛ አይሻገርም። በአማርኛ ፈራሁ ማለት ነውርም ወንጀልም ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ትምህርት ነው። ስንናገረው ቀለለን። ከድር ኮቾሮውን መቆርጠም ጀመረ።

አንድ ቀን ተራው ደርሶት «ማይ ሃርት ኢዝ ኢን ማይ ማውዝ» ሲል አሥር አለቃ ከኋላችን ቆሟል።

«ምን አለ?» ብሎ በራሶን ጠየቀው።

በራሶ ተነሥቶ ቆመ።

«ፈርቻለሁ ነው ያለው፣ አሥር አለቃ። እኔም ብያለሁ። ሁላችንም ብለናል።»

አሥር አለቃ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መካከላችን ተቀመጠ። «ለእኔስ እንዴት ይባላል?» አለ።

«አይ አም አፍሬድ።»

«አይ አፍሬድ አም።»

በራሶ ደጋግሞ አረመው። እሱም ደጋግሞ ግሱን ጭራ ላይ መለሰው። የሳቀበት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሞርታር ወረደብን። እግረኛው ተከተለ። ተኮስን። የመትረየስ ተኳሻችን ወደቀ። ዞር ብል ከድር ደንዝዟል። አሥር አለቃ በደረቱ እየተሳበ ወደ እሱ ሄደ። አለቀለት አልኩ። አሥር አለቃ ግን ጆሮው ሥር ተጠግቶ «አይ አፍሬድ አም!» ብሎ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ከድር ዞሮ አየው፤ ከዚያ መተኮስ ጀመረ።

ረፋዱ ላይ ጥቃቱን መክተን መለስነው። አሥር አለቃ ስም ጠራ። ሦስት ሰዎች አልመለሱም፤ አስከሬናቸው ፊታችን ነበር። ከድርን ጠራ። መልስ የለም። ተነሥቶ ቆሞ ደግሞ ጠራው።

«አቤት፣ አሥር አለቃ!»

ከድር ቁስለኛ አዝሎ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። አሥር አለቃ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አይ አፍሬድ አም» አለ። በራሶ አላረመውም። እኔ በደስታ አለቀስኩ።

ሦስቱን እዚያው ኮረብታ ላይ ቀበርናቸው፤ አንዱ የገደብ፣ አንዱ የሬኮ፣ አንዱ የጎጃም ልጅ ነበሩ። ልጆቼ፣ ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ ጀግኖች ነበሩ ይላል። ነበሩ። ግን ፈርተውም ነበር፤ ተራቸውን ጠብቀው ሲናገሩት ሰምተናል።

ፈሪ ለእናቱ እንዲሉ፣ ከድር ለእናቱ ገባ። ተመስገን።