አብሮኝ የሚኖረው ጃፓን

ከደሴ የወጣሁት በምሽት፣ ለእማዬ ክብሪት ልገዛ ነው ብያት ነው። ቀበሌው ስሜን ለዘመቻ ጽፎት ነበር። «ቶሎ ና፣ መሽቷል» አለችኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ሌላ ስንብት አልነበረንም። በእግሬ ጅቡቲ ገባሁ፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ሎስ አንጀለስ። ክብሪቱ እስከ ዛሬ አልተገዛም።

የምኖረው ፌርፋክስ የሚባል ጎዳና አጠገብ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አገሩ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው፣ ሰዉ ግን ብርድ ነው። ደሴ ብርዱ ያንዘፈዝፍሃል እንጂ እንዴት አደርክ ሳይልህ የሚያልፍ የለም። እዚህ የግድግዳ ጎረቤቴን በስድስት ወር አንዴ አየሁት፤ «ሃይ» አለና በሩን ዘጋ። ይኼ ኑሮ ነው?

ሥራዬ ሴኩሪቲ ነው፤ አንድ ጋለሪ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን በሳጥን ከጃፓን የመጣ ሰው አቆሙ። ከእንጨት የተጠረበ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ፣ ሸሚዙ ቀለም የተቀባ፣ ዓይኑ ከእብነ በረድ። ጉንጩ ላይ የመሮው ጭረት ይታያል። ፊት ለፊቱ ብትቆምም አያይህም፤ በትከሻህ በኩል አሳልፎ ሩቅ ያያል። የጋለሪዋ ሴትዮ «የዘመናችን ብቸኝነት ነው» እያለች ታስረዳለች፣ ሰዉም አፉን ከፍቶ ያያል። እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ፣ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝም!

እንጨቱ ካፉር ካፉር ይሸታል። አባቴ ሲከፈን የረጩበት ካፉር ከዚሁ ዛፍ ነው የሚወጣው ለካ። የመጀመሪያ ቀን ሲሸተኝ ወደ በሩ ሸሸሁ። ግን ሰውን ሰላም ሳልል ማለፍ አላውቅበትም፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩት። ከዚያ በየማለዳው ሆነ። ምሳ ስወጣም «እንብላ» እለዋለሁ። እያደር ቤቴም ገብቼ አጠገቤ እንዳለ አወራው ጀመር።

አከራዬ ሰምቶኝ ኖሮ መጣ።

«አንድ ሰው ነኝ ብለህ ነው የተከራየኸው። ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከጓደኛዬ።»

«የታለ?»

«ሥራ ቦታ ነው።»

«ኦኬ። እዚህ ካደረ ግን ኪራይ እጨምራለሁ።»

ለእማዬም «አታስቢ፣ ጸጥ ያለ ጃፓን አብሮኝ ይኖራል» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ ዘይነባ መለሰችልኝ፤ እማዬ ለእሱም ዱዓ ታደርግለታለች አለች። ለእንጨት! አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ዘይነባ በደብዳቤዋ እማዬን ማንሳት ተወች።

ባለፈው እሑድ ከቴሌ ደወለችልኝ።

«እማዬስ?» አልኳት።

«አጠገብህ ሰው አለ?» አለችኝ።

መርዶ እኛ ዘንድ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ደግፎ የሚይዝህ፣ አብሮህ የሚያለቅስ ሰው ተሰብስቦ ነው፣ ያውም በማለዳ። ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ሙሄ፣ የአገሬ ሰው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጠዋት ሰው አስከትለው በሬን ሲያንኳኩ ነበር። ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። አውቃለሁ፣ ጅል አይደለሁም። ግን ብቻዬን እስካለሁ ማንም አይነግረኝም፣ ማንም እስካልነገረኝ ድረስ ደግሞ እማዬ አለች። ሶ፣ ማንንም አላስጠጋም።

«ያ ጃፓንስ? እሱም የለም?» አለች ዘይነባ።

ኤግዚቢሽኑ አልቆ በሳጥኑ ቸንክረው ከወሰዱት ሳምንቱ ነው።

«ሄደ» አልኳት። «ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።»

ከክብሪቱ ወዲህ ለቤተሰቤ እውነት ስናገር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ለቅሶዋን ስትውጥ ተሰማኝ።

«እሺ ወንድም ጋሼ» አለች። «ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም... ቶሎ ና ብላሃለች።»