ጥላሸት ያረፈበት ወራጅ

ሞላሌ ላይ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ባና ከተባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጃኬት የምሰፋባት አንዲት ክፍል ሠርቻለሁ። ትናንት አምፖሉ የት፣ ሶኬቱ የት ይሁን እያልኩ ወረቀት ላይ ስሞነጭር ዋልኩና አልሆንልኝ ሲል እርሳሱን ጥዬ ከሰል ፈለግሁ። ይህን ያስለመዱኝ አባባ ናቸው።

ልጅ እያለሁ አባባ ባና ይሸምኑ ነበር። የሚሠሩባት ክፍል ከበሯ በቀር ብርሃን የሚገባበት አልነበራትም፤ የበግ ጠጉር ሽታዋ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ዓይናቸው ደክሞ ጥቁሩን ድር ከቡናማው መለየት ባቃታቸው ሰሞን መንደራችን መብራት ሊገባ ነው ተባለ። «መብራቱ ከሆነልኝ ሆነልኝ፤ አለዚያ ሽመናውን እተወዋለሁ» አሏት እናቴን። ያን ቀን እናቴ እህል አልቀመሰችም።

አባባ ዕቅድ ማውጣት ያዙ። ኩራዝ ከአንዱ የጣራ ወራጅ ወደ ሌላው እያንጠለጠሉ፣ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እየገቡ፣ የገዛ ጥላቸው ድሩ ላይ የማያርፍበትን ቦታ ፈለጉ። ሲያገኙትም ኩራዙን እዚያው ሰቅለው፣ ደብዛዛ ቢሆንም፣ ሳምንት ሙሉ ሠሩበት። ከዚያ ሁሉንም ግድግዳው ላይ በከሰል ሳሉት፤ ማብሪያውን፣ ሽቦው የሚሄድበትን፣ ሶኬቱን ሳይቀር። ሶኬቱ ላይ የሚሰካ ነገር በቤታችን አልነበረም። «ይመጣል» ይሉ ነበር።

እናቴ ደግሞ እናቴ ናት። የመብራት ሠራተኛው ነገ ይመጣል ሲባል፣ እንግዳ በተሞነጫጨረ ግድግዳ አይቀበልም ብላ፣ እኔና አባባ ከገበያ እስክንመለስ ኩራዙን አውርዳ ክፍሉን በጭቃና በእበት ለቅልቃ ጠበቀችን። አባባ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እሷም ያደረገችው ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በማግስቱ ሠራተኛው መሰላሉን ክፍሉ መሐል፣ ከአባባ የሽመና ጉድጓድ ጀርባ በኩል አቆመ። አባባ የቱ ወራጅ እንደነበር ቀና ብለው ቢፈልጉም ዓይናቸው አልደርስ አላቸው። እናቴ ግን ጣራውን ታይ ነበር። ጭቃዋ እዚያ አልደረሰም፤ የኩራዙ ጥላሸት ወራጁ ላይ ክብ ሠርቶ ቁጭ ብሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው» አለችው። መሐል እኮ አይደለም ብሎ ሲያጉረመርም መሰላሉን ራሷ ጎትታ አዞረችው። አምፖሉ ሲበራ አባባ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው ጥቁሩን ክር ከቡናማው ለዩት። እኔን ያስተማረኝ ከዚያ በኋላ የሸመኑት ባና ነው።

የዛሬው ኤሌክትሪሺያን ዕቅዱን በስልኩ ሥሎ ያሳየኛል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ላማው አልችልም። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት፣ እሱ ሳይመጣ፣ አባባንና እናቴን ጠራኋቸው። አባባ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ እሱ ይበቃል። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ እናቴ በረዥም ዘንግ ጫፍ ባትሪ አስራ ከወራጅ ወራጅ አዞረች፣ አባባ ጨርቁ ላይ አጎንብሰው «ጥላሽ አለ… አሁንም አለ…» ሲሉ ቆዩና «በቃ፣ ሄደልሽ» አሉ።

እናቴ «እኔ ግድግዳሽን አልነካም» ብላ ሳቀች። እኔም ስቄ ከሰሉን አነሳሁና፣ ለማንኛውም ብዬ፣ ምልክቱን ወራጁ ላይ አደረግሁ።