ሳንቀምሰው ያስበላሁት የበቆሎ ዳቦ

የማሳመን ጥበብ አስተማሪያችን ከአሜሪካ ደቡብ የመጣ አንድ የድሮ የበቆሎ ዳቦ አሠራር አስነበበችንና «ጽሑፉ ራሱ እንዴት እንደሚያስርብ አያችሁ?» አለችን። የቤት ሥራችን የየቤታችንን ዳቦ አሠራር ጽፎ፣ ጋግሮ አምጥቶ፣ ክላስ ፊት ማንበብ ነበር። ቢያንስ አምስት ሰው «ድገሚኝ» ካላለ ጽሑፉ እንደገና ይጻፋል። ያለፈው ድርሰቴ «አንቺ የት አለሽ?» ተብሎ በቀይ ተጽፎበት ስለተመለሰ፣ በዚህኛው ካልተገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

«እማዬ፣ የበቆሎው ዱቄት ስንት ኩባያ ነው?»

«እስኪበቃው።»

«ውሃውስ?»

«እስኪጠጣ።»

«ይሄ እኮ ማርክ አያሰጥም!»

«እኔ ዳቦ እንጂ ማርክ ጋግሬ አላውቅም።»

እንዳለ ጻፍኩት። እየጻፍኩ ብቻዬን ስስቅ ወንድሜ በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው።

ዐቢይ ጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። በማለዳ እማዬ የቦካው ሊጥ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተችና «ልክ ነው» ብላ ለሥራ ሺፍቷ ልትለባብስ ገባች። በጾም ጊዜ ጨው የምትለካው በአፍንጫዋ ነው። እኔም ማታ «ጨው እንዳትረሺ» ያለችኝን አስታውሼ ጨመርኩና ኮባ በሌለበት አገር ከእስያ ሱቅ ፍሪዘር በገዛነው የሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ሽታው! ጃኬቴ ሳይቀር ዳቦ ዳቦ አለ።

ክላስ ውስጥ አንብቤ ስጨርስ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ዳቦውን ለሁሉም አደልኩ፤ ከፊት የተቀመጠው ልጅ አንዴ ገመጠና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ውሃ!» አለ።

ለካ እማዬ «ልክ ነው» ያለችው ጨምራበት ኖሯል!

ወረቀቴን አስቀመጥኩት። «ጨው ሁለቴ ገብቶበታል» አልኩ። «እናቴም እኔም ጾም ላይ ስለሆንን አልቀመስነውም። እዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ዳቦ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ምን ይላል?»

«ባሕር ባሕር» አለች አንዷ።

«መጀመሪያ ይቆጣል፣ ኋላ ይጣፍጣል» አለ ሌላው።

«የት ነው የሚጣፍጠው? እስቲ ድገሚኝ፣ ልየው!»

«ለእኔም!»

ሦስት፣ አራት፣ አምስት እጅ! ስድስተኛዋ የውሃ ጠርሙሷን የያዘችው አስተማሪያችን ነበረች። እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ።

ወደ ሠፈራችን ኮራል ስፕሪንግስ በሚወስደኝ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ እማዬ ደወለች። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ለቤት ያስቀረሁትን ቀምሳዋለች።

«አንቺ ልጅ! ይሄንን ነው የሰው ልጆች ያበላሽው?»

«በሉት፣ እማዬ! ደገሙትም!»

«ምን ብለሻቸው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል።

«እንግዲያው ቶሎ ነይና አባትሽንም አሳምኚው፤ አልበላም ብሏል።»