ሽማግሌውን ከፎቶው ያወጣሁ ዕለት

ባነሳችሁት ፎቶ ላይ እናንተ ያላያችሁትን ነገር ሌላ ሰው አይቶበት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ሮቤ ለማስተማር ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶግራፍ እማር ነበር፤ አስተማሪያችን «ትርፍ የሆነውን ከፍሬሙ አውጡ» ማለት ይወዳል። እኔ ደግሞ የተባልኩትን ደብተር ላይ ጽፌ በቅደም ተከተል የምሠራ ሰው ነኝ።

አከራዬ የሰፈሩ እድር ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥተው ያጥባሉ፤ ካልታጠበ ሸራው ይሻግታል። አንድ እሑድ ጠዋት ሸራውን አጥሩ ላይ ዘርግተው፣ ወንበሮቹን በሩ ፊት ደርድረው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እያንጎራጎሩ ሲፈትጉ ፎቶ አነሳኋቸው። በኋላ ሳየው እሳቸውና ቢጫ ባልዲያቸው ትርፍ መሰሉኝ። ቆረጥኳቸው። ባዶ ወንበሮች፣ የተዘጋ በር፣ ግራጫ ሰማይ ቀረ። «ዝምታ» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት።

በነጋታው ከክፍል ስወጣ ስልኬ ላይ ዘጠኝ ያልተነሱ ጥሪዎች አገኘሁ፤ ሁሉም ከአከራዬ ልጅ። ደሎ መና ነው ያገባችው። የአባቷ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ስለሆነ ደህንነታቸውን የምትጠይቀው በእኔ በኩል ነው። ከጥሪዎቹ በኋላ አንድ መልእክት ነበር፦ «ወንበሮቹን አየሁ። ለምን ደበቅከኝ? መኪና ላይ ነኝ።»

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ደወልኩ፤ አይሠራም። መኪናው በመንገዱ ያለውን ጫካ ወጥቶ፣ የሳነቴን ተራራማ ሜዳ አቋርጦ ወደ ጎባ እስኪወርድ ኔትወርክ አያገኝም። ያን ሁሉ መንገድ አባቴ ሞቷል እያለች ነው የምትመጣው። እዚያ ብርድ ላይ ምጥ ቢይዛትስ?

ቤት ሮጬ ስልኩን ለአከራዬ ሰጠኋቸው። የሆነውን እየነገርኳቸው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ባርሲሳ፣» አሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው፣ «እኔ የታለሁ?»

«ቆርጬ አወጣሁዎት።»

«ከዱንያም አወጣኸኝ በለኛ!» ሊስቁ ሞከሩ፤ ወዲያው ግን ጋቢያቸውን አነሱ። «በል ተነስ፣ ጎባ እንሂድ።»

ጎባ መናኸሪያ ደርሰን ቆምን። ተራራው በጉም ተሸፍኗል። ስለ ፍሬም አቆራረጥ ላስረዳቸው ስጀምር «አሁን ዝም በል፣ ልጄ» አሉኝ። አንድ አምቡላንስ ከተራራው በኩል እየጮኸ ወርዶ በፊታችን አለፈ። ሁለታችንም በዓይናችን ተከተልነው። እሳቸው ከንፈራቸው ብቻ በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

አውቶቡሱ ሲመጣ መጨረሻ ላይ ወረደች፤ አንዲት ተሳፋሪ ክንዷን ይዛታለች። ዓይኗ አብጧል። አባቷን ስታይ አልሮጠችም። ቀስ ብላ ቀርባ በሁለት እጆቿ ፂማቸውን ዳሰሰች።

«አባ?»

«አለሁ። ወላሂ አለሁ።»

ያኔ ነው መሬት ላይ ቁጭ ያለችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ድምጿ ተዘግቷል። «አንተ አስተማሪ አይደለህም? የእድር ወንበር በር ላይ ሲደረደር ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም?»

አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል። እኔ ግን ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ። ከቆረጥኳቸውም በኋላ ፎቶው ውስጥ ያሉ ይመስለኝ ነበር። እሷ የደረሳት ወንበሩ ብቻ ነው። ይህን ማስረዳቱን ትቼ ከአባቷ ጋር ደግፌ አነሳኋት።

በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ነርሷ የሕፃኑን የልብ ምት እስክታሰማን ድረስ እኔም አባቷም ግድግዳ ተደግፈን ቆምን፤ አጠገባችን ወንበር ነበር፣ ማናችንም አልተቀመጥንበትም። ድምፁ ሲሰማ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታው ላይ ላልነበረ አንድ ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ አሳዩት። «እዚህ ምን የተፈጠረ ይመስልሃል?» በሉት። ከዚያ እንደኔ ለማስረዳት ብትቸኩሉም፣ እስኪጨርስ ድረስ አታቋርጡት።