የሲስተር ጀማነሽ ሰዓት

ወይኒ ካዛንቺስ ተወልዳ፣ ካዛንቺስ አድጋ፣ እዚያው ካዛንቺስ ሦስት ሰው በሚሠራባት የሶፍትዌር ቢሮ የተቀጠረች ልጅ ናት። ችኩል ናት። ሰው ሲቸገር አይታ ማለፍ ደግሞ አይሆንላትም፤ በ2004 ዓ.ም. ጉድ ሊያፈላባት የነበረው ይኸው ደግነቷ ነው።

ያን ጊዜ ኦሎምፒያ አካባቢ ላለ የግል ክሊኒክ ፕሮግራም ሠራች። ካርድ ክፍሉ፣ ነርሶቹ፣ ሐኪሙ፣ መርፌ ክፍሉ፣ ሁሉም በየኮምፒውተራቸው አንዱን ካርድ እኩል እያዩ ይጽፉበታል። ከዜሮ አልጀመረችውም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ የጋራ ሥራ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ፍሬምወርክ የሚባል የፕሮግራም መሠረት ከኢንተርኔት አውርዳ በላዩ ገነባችበት። የፍሬምወርኩ ሕግ ቀላል ነው፦ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጻፈ፣ በሰዓት የኋለኛው ይጸናል፣ የፊተኛው ይጣላል። የማን ሰዓት? የየኮምፒውተሩ። ወይኒ ይህን አንብባ «በቃ፣ አሪፍ ነው» ብላ አልፋዋለች።

ፕሮግራሙ ክሊኒኩ ውስጥ በተሞከረበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካርድ ክፍል ቁጭ ብላ ከየኮምፒውተሩ የሚመጡትን መልእክቶች ዝርዝር ስታነብ አንድ ቀይ መስመር አየች። «ከሲስተር ጀማነሽ። አቶ ዲሪባ፦ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። መልእክቱ ያረጀ ስለሆነ ተጥሏል።»

«እንዴ!»

ካርዱን ከፈተችው። «የማይስማማ መድኃኒት» በሚለው ቦታ ላይ፣ የካርድ ክፍሉ ኪዱ መጀመሪያ የሞላው «የለም» ቁጭ ብሏል። ሐኪሙም ያንን አምኖ የፔኒሲሊን መርፌ አዟል።

«ኪዱ፣ አቶ ዲሪባ የት ናቸው?»

«አሁን መርፌ ክፍል ገቡ። ምነው?»

የሲስተርን መልእክት ሰዓት አየችና ክው አለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ለካስ ዛሬ ጠዋት ሲስተር ጀማነሽ «ልጄ፣ ይሄ የፈረንጅ ሰዓት አምታታኝ፤ እባክሽ አስተካክይልኝ» ሲሏት፣ ኮምፒውተራቸውን በሐበሻ ሰዓት የሞላችላቸው ራሷ ናት! ዘጠኝ ሰዓት ለሲስተር ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለፍሬምወርኩ ግን ገና ጠዋት፣ ኪዱ ከምሳ በኋላ ከሞላው «የለም» የቀደመ ነው።

ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እስከ ዛሬ አታውቅም። መርፌ ክፍሉን በርግዳ ስትገባ ነርሱ ታዲዎስ የሽማግሌውን ክንድ በአልኮል ጠርጎ መርፌውን አንስቷል።

«ተው! እንዳትወጋቸው!»

«ምን ሆነሻል? ካርዱ እኮ የለም ይላል!»

«ካርዱ ተሳስቷል! ፔኒሲሊን ይገድላቸዋል!»

ታዲዎስ መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። አቶ ዲሪባ ሁለቱን ተራ በተራ አዩና፣ «እኔማ ለሲስተር ነግሬያቸዋለሁ» አሉ፤ «ጽፈውታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ሲስተር ጀማነሽ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሴትዮ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «አይ እርጅና! ጻፍኩ ብዬ ሳልጽፍ ቀረሁ ማለት ነው። ከእንግዲህ ይህ ሥራ ይብቃኝ።»

ሁሉም አመኗቸው። ወይኒ ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«ሲስተር፣ እርስዎ ጽፈዋል» አለች። «የጣልኩት እኔ ነኝ።»