የኡበይድ ማሽን የረሳችው ቦታ

ኡበይድ ቆቦ ላይ የአሉሚኒየም መስኮት ይሠራል። ዕድሜ ልኩን በሜትር እየለካ ሲቆርጥ ኖሮ፣ አምና ነው ያቺን መቁረጫ ማሽን ያስገባት። ሐዲዷ ላይ ቀጭን የማግኔት ጥብጣብ ተለጥፏል፤ አሉሚኒየሙን ልኩ ላይ የሚያቆመው ማቆሚያ በላዩ ሲንሸራተት፣ ከሥሩ ያለች ትንሽ ዕቃ ጥብጣቡን እያነበበች የቆመበትን ልክ በቁጥር ታሳያለች። መብራት ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ ቦታዋን አትረሳም፤ እንደገና ከዜሮ ልጀምር አትልም። ለቆቦ መብራት እንዲህ ያለ ዕቃ ነው እንጂ!

እናቱ ኡሙሃኒ ያን ሰሞን ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ፣ ሐኪሙ "አቧራ እንዳይነካሽ" ብሏታል። መስኮቷ በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደ ነው፤ የቆላው ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው። ኡበይድ መስኮት ሊገጥምላት ብሎ አሉሚኒየም ቆረጠ፤ አጠረ። ደግሞ ቆረጠ፤ አሁንም አጠረ።

"ይቺ መብራት ናት! ስትሄድ ስትመጣ ማሽኑን አሰከረችው!"

ኡሙሃኒ አንድ ዓይኗን በፋሻ፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ከቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ለጎረቤት ስትሠራ ይገጥማል፤ ለኔ ሲሆን ነው የሚያጥረው?"

"እማ፣ አታናድጂኝ!"

ማቆሚያውን ቀስ እያለ ገፋው። ቁጥሩ ደህና ሲቆጥር መጥቶ፣ የእናቱ መስኮት ልክ ላይ ሲደርስ ዘለለ። እዚያው ቦታ ላይ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ተለጥፏል፤ የሚወድቁት ብሎኖች እንዳይጠፉበት ብሎ የለጠፈው እሱው ራሱ ነው።

"ይሄ የአባትህ ስፒከር አይደለም እንዴ?" አለች ኡሙሃኒ። "ያ የመንዙማ ካሴት ላዩ ላይ ከርሞ ድምፁ የጠፋው?"

የኡበይድ እጅ ባለበት ቀረ። በካሴቱ ላይ የነበረው ድምፅ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የአባቱ የራሱ ድምፅ ነበር። ካሴቱን ስፒከሩ ላይ ጥሎት የሄደውም ያኔ ልጅ የነበረው ኡበይድ ነው።

ማግኔቱን ነቅሎ ወረወረው። ምን ይጠቅማል? ጥብጣቡም እንደ ካሴቱ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ማሽኗ የምታነበው ምልክት ተፍቋል። ሌላ ጥብጣብ እንዳያስመጣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። አሉሚኒየሙም አንድ ዘንግ ብቻ ቀርቷል።

"ስንት ቀን ሙሉ መብራቱን ስሰድብ!"

የድሮ ሜትሩን ፈልጎ አወጣ። ዝጎ ኖሮ አልዘረጋ ብሎ አበሳጨው። ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆረጠ።

መስኮቱ ገባ። በአንድ ጎኑ ግን ክር የምታህል ክፍተት ቀረች። ኡበይድ ጥርሱን ነክሶ ሊነቅለው መፍቻውን አነሳ።

ኡሙሃኒ መዳፏን ክፍተቷ ላይ አኑራ ቆየች። "ጨርቅ ጠቅጥቅባትና ተወው።"

"አጠረ እኮ፣ እማ!"

"ተወው አልኩህ። ካሴቱንስ ትቼልህ የለ?"

ኡበይድ ከመስኮቱ ራቅ አለ። መፍቻውን ግን ከእጁ አላስቀመጠም።